በሚካኤል ዕለት ያጨድሁት ስንዴ

ደክሞኛል ስል ሰው ይስቅብኛል። ጥላ ሥር ቆሞ ጠመኔ መያዝ ምን ያደክማል ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ያደከመኝ ጠመኔው አይደለም። ንፋስ መውጫ ከተማ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። «አንድ ነገር ከሌላው በኋላ መጣ ማለት በሌላው ምክንያት መጣ ማለት አይደለም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ እንደ ጻፍሁት እግዜር ይቁጠረው። ይኸው፣ እግዜር ይቁጠረው አልሁ። ልቤ ከሄደ ቆይቷል፤ አፌ ግን አሁንም የአባቴ አፍ ነው።

የማወራው ስለ አንድ ቀን አጨዳ ነው። አገር አልፈረሰም፣ ደም አልፈሰሰም። ነገሩ ሁሉ አንዲት ከቤት ጀርባ ያለች የስንዴ ማሳ ናት። ይሁንና ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ምክንያትና ውጤት ለማስተማር አፌን ስከፍት ሳል እያሳበብሁ ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ። ተማሪዎቹ ጉንፋን ይመስላቸዋል።

የተወለድሁበት መንደር በባጃጅ ተሂዶ፣ ባጃጁ እምቢ ያለበት ላይ ተወርዶ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ነው። እዚያ ገበሬው ወሩን የሚቆጥረው በታቦት ነው። አምስት አቦ፣ ሰባት ሥላሴ፣ አሥራ ሁለት ሚካኤል፣ አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት፣ አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም፣ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ ሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም፣ ሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ፤ ቅዳሜና እሑድ ይጨመርበት። መቼ ሠርተው መቼ እንደሚበሉ ለእኔ አይገባኝም፤ እነሱ ግን ሲኖሩ ኖረዋል። በእነዚህ ቀናት በሬ አይጠመድም፣ ማጭድ አይነሳም። ገበያ መሄድ ይቻላል፣ ሽማግልና መቀመጥ ይቻላል፣ ሰው ማማትም ይቻላል። መሬት ግን አይነካም። የነካ ሰው በዓል ሻረ ይባላል። በዓል ሲሻር ሰማዩ ይቆጣል፤ በረዶ ወይም ያለ ጊዜው ዝናብ ይመጣል። የመጣው መዓት ደግሞ የሻረውን ሰው ማሳ ለይቶ አይመታም፣ አገሩን ነው የሚመታው። ስለዚህ የአንድ ሰው ማጭድ የሁሉም ሰው ጉዳይ ነው። ይህ ካልገባችሁ ቀሪው ስለማይገባችሁ ነው ያስረዘምሁት።

ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት በረዶ ወርዶ አገሩን ደበደበው፤ ከሁሉም ይልቅ የደቀቀው የቄሳችን ገብስ ነበር። «አባዬ፣ መምሬ ምን በዓል ሽረው ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አባቴን መጀመሪያ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ቀጥለው ጆሮዬን ቆነጠጡኝ። መልሱ ይኸው ነበር፤ ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም። እምነቴን የወሰደው ትልቅ መጽሐፍ ወይም የፈረንጅ ፈላስፋ አይደለም። ከዚያች ገብስ ጀምሮ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሲሸረፍ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ዞር ብዬ ሳይ የቀረ ነገር አጣሁ። ደስም አላለኝ። ሌላው ነፃ ወጣሁ ይላል፤ እኔ ግን የአባቱን ቤት እንደ ሸጠ ሰው ነው የሆንሁት።

አባቴ ሰማንያን ተሻግረው ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻቸውን ቀሩ፣ ትንፋሽም ያጥራቸው ጀመር። ከተማ ይምጡና አብረን እንኑር ብል አልሰማ አሉኝ። «ከተማ ብሞት ማን ያውቀኛል?» ይላሉ። «ጊዮርጊስ ደጅ፣ ከእናትህ ጎን አሳርፈኝ። ካህናቱ ፍትሐቱን ሳያጓድሉ ይፍቱኝ። ከዚህ ሌላ ከልጅ የምፈልገው የለኝም።» በእውነትም ሌላ ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም። ያችን ፍትሐት ያስቡ ነበር፤ ሌላው ሰው ልጁን ስለ መዳር እንደሚያስበው እሳቸው ስለ መቀበር ነበር የሚያስቡት።

መሬታቸውን የእኩል አራሽ ነው የሚያርሰው። ከቤቱ ጀርባ ያለችው ማሳ ብቻ ለራሳቸው ቀርታለች፤ የዓመት ቀለባቸው ከሷ ነው። እህሉን አስፈጭተው፣ ወጡን ሠርተው የሚያቀርቡላቸው ጎረቤታችን ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ማሳቸው ከአባቴ ማሳ በአንዲት ድንበር ብቻ የተለየ ሴት ናቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው ማዶ ይሰማል፤ ሲያዝኑ ደግሞ ነገር ከአፋቸው አይወጣም። በልጅነቴ ስላዘሉኝ እስከ ዛሬ እትየ ነው የምላቸው።

አምና ኅዳር ውስጥ፣ ሐሙስ ዕለት፣ መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ የአየር ጠባዩን አየሁ። ሰኞ ከሰዓት ጀምሮ ዝናብ፣ ማክሰኞም ዝናብ፣ ረቡዕም ዝናብ ይላል። የደረሰ ስንዴ ቆሞ ዝናብ ሲመታው ምን እንደሚሆን የገበሬ ልጅ ያውቃል፤ ፍሬው ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል። የበቀለ ስንዴ ደግሞ ዱቄቱ ይጣበቃል፣ ለዘርም አይሆንም። ለሰኞ ፈቃድ ጠይቄ ቅዳሜ መንደር ወረድሁ።

አባቴ ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ስልኩን አሳየኋቸው። ዐይናቸውን አጥብበው ካዩት በኋላ መለሱልኝና ቀና ብለው ወደ ጉና ተራራ ራስ ተመለከቱ።

«ይዘንባል» አሉ።

«ስለዚህ ሰኞ ጠዋት እንጨደው።»

«ሰኞማ ኅዳር ሚካኤል ነው።»

«አባዬ፣ ሚካኤል ስንዴህ ይበስብስ ይላል?»

«አይልም።»

«ታዲያስ?»

«አንተ ይልቅ ማክሰኞን ትውላለህ? ማክሰኞ እናጭደዋለን።»

«ማክሰኞማ ይዘንባላ!»

«እንግዲህ የዘነበው ይዘንባል» አሉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ከእሳቸው ጋር መከራከር ሁልጊዜ እንዲህ ነው። አይቆጡም፣ አያስረዱም፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ይቀመጣሉ። እኔ ደግሞ ንዴቴ እስከ አናቴ ይወጣል። ቅዳሜን ተናደድሁ፣ እሑድን ተናደድሁ።

ሰኞ ጠዋት መንደሩ ጎረቤት ወዳለው የሚካኤል ደብር ለንግሥ ሄደ። አባቴ መራመድ ስለማይችሉ ቤት ተኝተው ቀሩ። እኔ ማጭዱን ከግድግዳው ላይ አውርጄ በጓሮ በር ወጣሁ። ሰማዩ ገና ንጹሕ ነበር። የመጀመሪያውን ጭብጥ ስቆርጥ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። እንዴ! ይህን ያህል ዓመት ያስተማረው ሰውዬ የት ሄደ? በራሴ አፍሬ አጎንብሼ አጨድሁ። ማጭድ ከያዝሁ ዘመን አልፎ ነበርና እጄ ቶሎ ውሃ ቋጠረ።

ከማሳው ግማሹን ሳልፍ እትየ ከንግሡ ቀድመው ተመልሰው ድንበሩ ላይ ቆመው አየኋቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

«ኧረ በሚካኤል! ኧረ አንተ ልጅ! ምን ነካህ?»

«ከሰዓት ይዘንባል፣ እትየ። ማጭድ ያምጡና የእርስዎንም አብረን እንቁረጠው። የእኔን ትቼ በእርስዎ ልጀምር።»

አልሰደቡኝም። ስንዴያቸውን አዩት። ከዚያ ዞረው ከጉና በኩል እየጠቆረ የመጣውን ሰማይ አዩ። እንደገና ስንዴያቸውን አዩ። እንዲህ ቆመው የቆዩበትን ጊዜ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ልባቸው ግማሽ ለግማሽ ተከፍሎ ነበር። «ባሌ የለ፣ ልጅ የለኝ፤ ከሚካኤል ተጣልቼ ማን ሊያኖረኝ ነው?» አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። እኔ ከማሳው የሚበልጠውን አጭጄ፣ ነዶውን ከምሬ፣ ከከተማ ያመጣሁትን ሸራ አልብሼው ነበር። በር ላይ ቆሜ ዝናቡ ሸራው ላይ ሲንደቀደቅ ስሰማ ደስታ ያዘኝ። አሸንፌያለሁ! አባቴ ከመደባቸው ቀና ብለው እጄን አዩ፤ የቆሰለውን እጄን።

«ደስ አለህ?»

«አዎ።»

«ደስ ይበልህ። እኔን ግን ዛሬ ጉድ ሠራኸኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሦስት ቀን ዘነበ። የአገሩ ስንዴ ቆሞ በቀለ፤ የእትየም እንዲሁ። በመንደሩ ደረቅ ስንዴ ያለው ቤት የእኛ ብቻ ሆነ። እኔ ሞኙ ይህ ማስረጃ ይሆናል ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሰዎቹ ስልኬን አምነው ያጭዳሉ ብዬም አስቤ ነበር። ሰዎቹም ማስረጃውን አይተውታል፤ ብቻ በሌላ በኩል ነው ያዩት። በጠዋት ማጭድ ተነሳ፣ ከሰዓት ዝናብ መጣ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

በሳምንቱ መንደር ስወርድ የአባቴ የንስሐ አባት እኛ ቤት ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። የዛሬው መምሬ የዋዛ ሰው አይደሉም፤ ትርጓሜ የተማሩ፣ ነገር የሚገባቸው፣ ቁጣቸውም ሳቃቸውም ቅርብ የሆነ ቄስ ናቸው። እሳቸውም ደክሟቸው ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ደጃቸውን ሲያንኳኳ ከርሟል።

ስልኬን አውጥቼ ሐሙስ ዕለት ያስቀረሁትን የትንበያ ምስል አሳየኋቸው። «ይኸው መምሬ። ሐሙስ ነው። ዝናቡ እኔ ማጭድ ሳልነካ ነው የተጻፈው። ታዲያ እንዴት በእኔ ምክንያት መጣ ይባላል?»

መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «መምህር፣ አንተ ሰኞ የምትሠራውን እግዚአብሔር ሐሙስ አያውቅም?»

ሳቄ መጣ። ሌላ ምን ይደረጋል? ለዚህ መልስ አለኝ የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እሳቸውም ትንሽ ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ከበደ።

«ቀልዱን እንተወው። ሰንበቴው አባትህን ለይቷል።» ሰንበቴ ማለት በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ አብሮ የሚበላ የሚጠጣ ማኅበር ነው፤ አባቴ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የዚያ ማኅበር ሰው ነበሩ።

«ያጨድሁት እኔ! እሳቸው ተኝተው ነበር!»

«ማሳው የማን ነው? ስንዴውን የሚበላው ማን ነው? ሰው እንዲህ ነው የሚለኝ። ጥፋቱ ካልታመነ ካህናቱም ለፍትሐት አይቆሙም ብለዋል። እኔ ብቻዬን ልቁም ብል ሕዝቡ ሬሳውን አይሸከምም።» ዞር ብለው አባቴን አዩ። አባቴ ዐይናቸውን ጨፍነዋል፤ የተኙ ግን አይመስለኝም። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድንጋይ ተሸክመህ ና። ጥፋቴ ነው፣ ማሩኝ በል። አለቀ። እኔ ልብህን አልጠየቅሁህም፣ አፍህን ነው የጠየቅሁህ።»

እምቢ አልሁ። በእኛ አገር ጥፋተኛ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ጭኖ ነው ምሕረት የሚለምነው። ከዚያ ሕዝብ ውስጥ ስንቱን አስተምሬያለሁ፤ የስንቱንም ልጅ እያስተማርሁ ነው። ያላመንሁትን ነገር ዐደባባይ ላይ ጥፋቴ ነው ብዬ ሰኞ ምን አፍ ይዤ ክፍል እገባለሁ? መምሬ አልለመኑኝም። በትራቸውን አንስተው ሄዱ።

ሁለት እሑድ አለፈ። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት የአባቴን ደጅ የረገጠ የለም። ማንም አልሰደባቸውም፣ ማንም ክፉ አልተናገራቸውም፤ እንዴት አደሩ የሚል ብቻ ጠፋ። መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው አጥሩ ጋ ሲደርስ ወሬውን ያቋርጣል። እትየ ምግቡን አላቋረጡም፤ ግን ደፉ ላይ አስቀምጠው ሳይገቡ ይመለሳሉ። አባቴም የሚመጣላቸውን አይበሉትም። ትንፋሻቸው ባሰበት። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ ስለ ማጨዱ አንድም ቀን አላነሱብኝም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ውሃ ሳጠጣቸው ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ እውነቱን ተናገር አላልሁህም። እውነቱ አንተ ዘንድ ይቆይ፣ ማንም አይወስድብህ። ሜዳ ላይ አታስቀረኝ ነው ያልሁህ።»

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ከጊዮርጊስ ቅጥር በር ላይ ድንጋይ አንስቼ ማጅራቴ ላይ ጫንሁ። ትንሽ መርጬ ነበር፤ ቢሆንም ከበደኝ። ሕዝቡ በሁለት ተከፍሎ አሳለፈኝ። ከፊት የቆሙት የሰንበቴው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከሴቶቹ በኩል እትየ አሉ። አንገቴን እንደ ደፋሁ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። በዓል ሽሬ አገሩን አስመታሁ። አባቴ አያውቁም። ስለ ጊዮርጊስ ብላችሁ ማሩኝ» አልሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። በንዴት ነበር የተንቀጠቀጠው፤ ሕዝቡ ግን ጸጸት መሰለው። «ይቅር ለእግዜር!» አለ ሕዝቡ። መምሬ ድንጋዩን ከላዬ አንስተው መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉና፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝ። እትየ ተንሰቀሰቁ።

አንድ ነገር እያፈርሁም ቢሆን ልናገር፤ ሲፈቱኝ ቀለለኝ። ያላጠፋሁትን ጥፋት አምኜ፣ በማላምንበት መስቀል ተፈትቼ፣ ከላዬ አንድ ነገር ሲወርድ ተሰማኝ። የዚህን ምክንያት እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ምናልባት ሰው ብዙ ሰው ባንድ አፍ ይቅር ብለንሃል ሲለው ስለ ምን እንደ ሆነ አይጠይቅም ይሆናል። የዚያን ዕለት ቤታችን በሰው ሞላ። ሽማግሌዎቹ አባቴን ትከሻቸውን እየሳሙ ሳቁ፣ አባቴም በሉ። ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ሲበሉ አላየኋቸውም ነበር።

ግንቦት ላይ አረፉ። ካህናቱ ሙሉ ፍትሐት ቆሙ፣ አንድም ቃል አላጓደሉም። ከእናቴ ጎን ጊዮርጊስ ደጅ አሳረፍናቸው። አፈሩ ሲመለስ፣ ለዚህ ብዬ እንኳን አንድ ጊዜ፣ አሥር ጊዜም እዋሻለሁ አልሁ በልቤ። ነገሩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ዘንድሮም ኅዳር መጣ። ዘንድሮም መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ ስልኬን አየሁ። ሦስት ቀን ዝናብ ይላል። ከትንበያው ቀን በፊት ማጭድ የሚነሳባቸው ሁለት ባዶ ቀናት ነበሩ፤ ሰው ነግሬ ቢሆን ኖሮ ማንም በዓል ሳይሽር ማጨድ ይቻል ነበር። ለመምሬ ልደውል ስልኩን አነሳሁ። ከዚያ አሰብሁት። ያስመታሁት እኔ ነኝ ብዬ አገር ፊት ያመንሁ ሰው ዝናብ ይመጣል ብል ምን እባላለሁ? ጠንቋይ ልባል ነው። እንደገና ከሰዎቹ ጋር ክርክር፣ እንደገና ማስረጃ፣ እንደገና «እግዚአብሔር አያውቅም ወይ?»። ደከመኝ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ስልኩን ኪሴ ከተትሁና ክፍል ገባሁ። ዝናቡ በተባለበት ቀን መጣ፣ ስንዴው በቀለ። የአባቴን ማሳ ዘንድሮ የእኩል አራሹ ድንች ተክሎበት ነበርና እኔን የነካኝ ነገር የለም።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ እትየ ንፋስ መውጫ ቤቴ መጡ። ቤቴን ረግጠውት አያውቁም፤ ሰው እየጠየቁ ነው ያገኙት። ከስተዋል። ምሳ አቀረብሁላቸው፤ እጃቸውን ታጥበው ሳይቆርሱ ተቀመጡ።

«እትየ፣ ይብሉ እንጂ።»

«አንድ ነገር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ያን ጊዜ ጊዮርጊስ ደጅ ያልኸውን ቃል አስተምረኝ። እኔ ሰው ፊት ስቆም አፌ ይያያዛል።»

«የምን ቃል?»

«የጥፋቴን ቃል ነዋ።» ነጠላቸውን ዐይናቸው ላይ አደረጉ። ቀስ በቀስ ነገሩኝ። ኅዳር ጽዮን ዕለት ጥጃቸው ታሞ ቆሞ መሄድ አቃተው። ማንም በሌለበት ከድንበሩ ላይ አንድ እቅፍ ሣር አጭደው አበሉት። ጥጃው ዳነ። በአራተኛው ቀን ዝናቡ መጣ። «የአገሩን እህል ያስመታሁት እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። ልጆች ያሉት ቤት ሁሉ ዘንድሮ በእኔ ምክንያት ሊራብ ነው። ድንጋይ ልሸከም ቆርጫለሁ፤ ብቻ ቃሉን አላውቀውም።»

ስንዴያቸው ሁለት ዓመት ተከታትሎ የተበላሸባቸው ሴት፣ ስለ አንድ እቅፍ ሣር! አጠገባቸው ተቀምጬ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። ዝናብ ከየት እንደሚነሳ፣ ደመናው ከሩቅ ባሕር በነፋስ ተገፍቶ እንደሚመጣ፣ የጥጃን ሣር የሚያይ ዐይን እንደሌለው አስረዳሁ። ለተማሪዎቼ እንኳ እንደዚያ አድርጌ አስተምሬ አላውቅም። ሲሰሙኝ ቆዩና በእርጋታ መለሱልኝ።

«እንዲያ ከሆነ አምና ለምን ጥፋቴ ነው አልህ?»

ትሪውን ወደ እሳቸው አስጠጋሁ።

«አንተ የተማርኸው፣ ባሕሩንም ደመናውንም የምታውቀው፣ ድንጋይ ተሸክመህ የእኔ ነው ካልህ፣ እኔ ማን ነኝና አይደለም የምል? እኔማ አንተን ሰምቼ ነው ያመንሁት። አምና ድንበሩ ላይ ቆሜ ሰማዩን ሳይ ልቤ ተጠራጥሮ ነበር። ይህ ልጅ እውነቱን ይሆን ብዬ ነበር። ኋላ አንተው ራስህ አሳረፍኸኝ።»

ይህን ሲሉኝ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በመንደሩ ሁሉ አንድ ሰው ለአንድ አፍታ ተጠራጥሮ ኖሯል፤ ያንን ጥርጣሬ የገደልሁት እኔው ነኝ። አባቴ አርፈዋል፣ ተፈትተዋል፤ ከእንግዲህ የሚፈራላቸው የለም።

«እትየ፣ ዋሽቼ ነው» አልሁ።

«ምን አልህ?»

«አምና ዋሽቼ ነው። ጥፋቴ ነው ብዬ አላመንሁም። አባቴ ሜዳ ላይ እንዳይቀሩ ብዬ ነው ያልሁት።»

ዐይናቸው ፈጠጠ። «ጊዮርጊስ ደጅ?»

«አዎ።»

«ድንጋይ ተሸክመህ? መስቀል ስመህ?»

«አዎ፣ እትየ።»

ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በጣታቸው አንድ ነገር ቆጠሩ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ ፊታቸው ቀስ በቀስ ፈታ ሲል፣ ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ።

«እንግዲያ ዘንድሮም ያንተ ነዋ!» አሉ። «በታቦት ፊት ዋሽተህ መዓቱ እንዴት አይመጣ! አይ አንተ! እኔ ደግሞ በአንድ እቅፍ ሣር እንቅልፍ አጥቼ ልሞት!»

እጃቸውን ወደ ትሪው ሰደው ቆረሱ። ርቧቸው ኖሯል፤ እየተቆጡኝ በሉ፣ እየበሉ ተቆጡኝ። ልከራከር አፌን ከፈትሁ። ከኋላ የመጣውን በፊተኛው ምክንያት መጣ እያሉ እንደሆነ ላስረዳ አስቤ ነበር። ከዚያ ያ የዘንድሮው ትንበያ፣ እነዚያ ሁለት ባዶ ቀናት፣ ደውዬ ሳልናገር ስልኩን ኪሴ የከተትሁት ትዝ አለኝ።

«አዎ እትየ» አልሁ። «የዘንድሮው የእኔ ነው።»

«ለመምሬ ማን ይንገራቸው? እኔ ልንገር?»

«እርስዎ ይንገሩልኝ። እሑድ እመጣለሁ» አልኋቸውና ውሃ ቀዳሁላቸው።